በእጅ የያዙት ወርቅ፦ የወባ መመርመሪያዋ ቀይ መስመር ምን ትነግረናለች?

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። ተረቱ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ሰው በእጁ ያለውን ወዳጅ ወይም ትዳር ሲያቃልል ነው። እኛ ግን ዛሬ ቃል በቃል እንወስደዋለን። በአገራችን ቆላማ ወረዳዎች፣ በአንዲት ጤና ኬላ ውስጥ፣ ትኩሳት ያንዘፈዘፈውን ሕፃን ጣት ወግታ አንዲት ጠብታ ደም በፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ያኖረች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በእጇ የያዘችው ወርቅ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ በመመርመሪያው መስኮት ብቅ የምትለው ቀይ መስመር የደም ቀለም አይደለችም፤ ከቀለም ፋብሪካ የመጣች ቀለምም አይደለችም። በአብዛኞቹ መመርመሪያዎች ላይ ያቺ መስመር ወርቅ ናት። ከቀለበትና ከአንገት ሐብል ወርቅ ጋር አንድ የሆነ፣ ከዚያው ከማዕድን የወጣ እውነተኛ ወርቅ።

«ወርቅማ ቢጫ ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ትክክል ነው፤ በዓይናችን የምናየው ወርቅ ሁሉ ቢጫ ነው። ነገር ግን ወርቅ እጅግ በጣም ሲያንስ ቢጫነቱን ይተዋል፤ ቀይ ይሆናል፤ ሐምራዊ ይሆናል፤ ሰማያዊም ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት እንደሚሆንና ለምን እንደሚጠቅም ማስረዳት ነው። ከዚያም አልፎ አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ለመሆኑ የወርቅ ዋጋ የሚለካው በምንድን ነው? በክብደቱ ወይስ በውስጡ በገባው እውቀት? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማነስ ማለት ምን ያህል ነው?

አንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮን ቦታ ቢከፈል አንዷ ክፋይ ናኖሜትር ትባላለች። የሰው ጠጉር ውፍረት በግምት 80 ሺህ ናኖሜትር ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ ወደ 7 ሺህ ናኖሜትር ይሰፋል። በመመርመሪያ ላይ የሚውሉት የወርቅ ቅንጣቶች ስፋታቸው ብዙውን ጊዜ ከ40 ናኖሜትር ብዙም አይርቅም። በአንዷ ቅንጣት ውስጥ ያሉት የወርቅ አተሞች ተቆጥረው ሁለት ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ሁለት ሚሊዮን ሲባል ብዙ ይመስላል እንጂ፣ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ ቅርጿን ለይቶ ማየት አይቻልም።

ሒሳቡን በሌላ መንገድ እንየው። አንድ ግራም ወርቅ አራት ማዕዘን ጠጠር ቢደረግ ጎኑ አራት ሚሊሜትር አይሞላም፤ ከሽምብራ ፍሬ ያንሳል። ይኸው አንድ ግራም 40 ናኖሜትር ወደሚሆኑ ድቡልቡል ቅንጣቶች ቢከፋፈል ወደ 1,500 ትሪሊዮን ቅንጣት ይወጣዋል። የጠጠሩ ገጽ በሙሉ ቢለካ አንድ ካሬ ሴንቲሜትር አይደርስም ነበር። የቅንጣቶቹ ገጽ ግን አንድ ላይ ቢዘረጋ ስምንት ካሬ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአንዲት ትንሽ ክፍል ወለል ያህል ይሆናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማንኛውም ነገር ከሌላው ጋር የሚገናኘው በገጹ ነውና፣ ያው ወርቅ ሳይጨመርበት የሥራ ቦታው በብዙ ሺህ እጥፍ ሰፋ ማለት ነው።

ማነሱ ጠባዩንም ይለውጠዋል። የአንጥረኛ ወርቅ የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሆነ የወርቅ ቅንጣት ግን ከዚያ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይቀልጣል። «ወርቅ በእሳት ይፈተናል» የሚለው አባባል ለናኖ ወርቅ ሲሆን ሌላ የእሳት መለኪያ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ከሮማውያን ጽዋ እስከ ቀጥቃጩ ልጅ

በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ የሊኩርጎስ ጽዋ የሚባል የብርጭቆ ዕቃ አለ። የተሠራው በአራተኛው ክፍለ ዘመን በሮማውያን ዘመን ነው፤ ሙዚየሙ የገዛው በ1958 ነው። ብርሃን ከፊት ለፊቱ ሲያርፍበት አረንጓዴ ይመስላል፤ ከውስጡ ወይም ከጀርባው ሲበራበት እንደ ፍም ይቀላል። የዘመናችን ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩት በብርጭቆው ውስጥ ወደ 70 ናኖሜትር የሚጠጉ የብርና የወርቅ ድብልቅ ቅንጣቶች አገኙ። የወርቁ መጠን ከሚሊዮን እጅ 40 እጅ ገደማ ብቻ ነበር። ብርጭቆ ሠሪዎቹ ናኖሜትር የሚባል ነገር አያውቁም፤ የሚያውቁት እጃቸው የለመደውን ሙያ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን አገር የነበሩ ባለሙያዎችም ከወርቅ ሐምራዊ ቀለም እያወጡ ብርጭቆና ሸክላ ያቀሉ ነበር። ያም ቢሆን ምሥጢሩ ሳይፈታ የሚሠራ ሙያ ነበር።

ምሥጢሩን በሳይንስ ዓይን መጀመሪያ የመረመረው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነው። በየካቲት 1857 በለንደን የሮያል ሶሳይቲ ፊት ባቀረበው ንግግር፣ የወርቅን ጨው በፎስፎረስ እየለወጠ ያገኘውን ቀይ ፈሳሽ አሳየ። ቅላቱ የመጣው በፈሳሹ ውስጥ ከተንሳፈፈ፣ በዓይን ሊታይ በማይችል መጠን ከደቀቀ ወርቅ መሆኑንም አስረዳ። ከፋራዴይ ብልቃጦች መካከል ዛሬም ቅላታቸውን ሳይለቁ በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን የተቀመጡ አሉ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፋራዴይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። እዚህ ግባ የሚባል ትምህርት ቤት አልገባም፤ ልጅነቱን ያሳለፈው በመጽሐፍ ጠራዥ ቤት በረዳትነት ነው። በእኛ አገር ቀጥቃጩንና አንጥረኛውን «ቡዳ» እያሉ ከማዕድ በሚለዩበት ዘመን፣ የቀጥቃጭ ልጅ በአገሩ ሊቃውንት ጉባዔ ፊት ቆሞ ስለ ወርቅ ያስተምር ነበር። ወርቅ በምድራችን ጎድሎን አያውቅም። የጎደለን ወርቁን የሚያነጥረውን ሰው ማክበር ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ከፋራዴይ በኋላ ሥራው ቀጠለ። ሪቻርድ ዚግሞንዲ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከባልደረባው ጋር በሠራው ልዩ ማይክሮስኮፕ የቅንጣቶቹን ብልጭታ አንድ በአንድ ለማየት ቻለ፤ የ1925 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትም ተሰጠው። ጀርመናዊው ጉስታቭ ሚ ደግሞ በ1908 ቀለሙ ለምን ቀይ እንደሚሆን በሒሳብ ቀመር አስቀመጠ።

የወርቅ ወጥ እንዴት ይሠራል?

ዛሬ በብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚሠራበት ዘዴ በ1951 ጆን ቱርኬቪችና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ነው። ዘዴው ከወጥ አሠራር ብዙም አይርቅም ብንል ኬሚስቶቹ አይቀየሙንም።

በመጀመሪያ ወርቁ መሟሟት አለበት። ወርቅ በአንድ አሲድ ብቻ አይበገርም፤ የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲዶች ድብልቅ የሆነው «ንጉሣዊ ውሃ» ግን ያሟሟዋል። ከዚህ የሚገኘው የወርቅ ጨው በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ሲቀጥን ፈዘዝ ያለ ጠጅ የሚመስል ቢጫ ፈሳሽ ይሆናል። ይህ ፈሳሽ እየተማሰለ እስኪፈላ ይሞቃል። ሲፈላ ሶዲየም ሲትሬት፣ ማለትም ለሎሚ ኮምጣጣነቱን ከሚሰጠው አሲድ የሚገኝ ጨው ይጨመርበታል። በደቂቃዎች ውስጥ ቢጫው ይጠፋል፤ ፈሳሹ ለአፍታ ውሃ ይመስላል፤ ከዚያ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም የቀይ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ይረጋጋል። ወርቁ ተወለደ ማለት ነው።

በድስቱ ውስጥ የሆነው ነገር እንዲህ ነው። በጨው መልክ የነበሩት የወርቅ አተሞች ኤሌክትሮን የጎደላቸው ነበሩ። ሲትሬቱ ኤሌክትሮን ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም ወደ ብረትነታቸው ይመለሱና እርስ በርስ እየተጠጉ ቅንጣት ይሠራሉ። የሲትሬቱ ሥራ ግን በዚህ አያበቃም። በእያንዳንዷ ቅንጣት ላይ እንደ ነጠላ ተጎናጽፎ አሉታዊ ኤሌክትሪክ ያለብሳታል። ሁሉም አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ ስለለበሱ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ሳይጣበቁ ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ተንሳፍፈው ይኖራሉ። ሲትሬቱ ሲበዛ ቅንጣቶቹ ያንሳሉ፤ ሲቀንስ ይተልቃሉ። በ1973 ፍሬንስ የተባለ ተመራማሪ በዚህ መንገድ ብቻ ከ16 እስከ 150 ናኖሜትር ገደማ የሚሆኑ ቅንጣቶችን እንደ ፍላጎቱ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። በ1994 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ሊቨርፑል የነበሩ ኬሚስቶች ድኝ ባለበት ሞለኪውል ቅንጣቶቹን አልብሰው፣ ደርቀው እንደ ዱቄት የሚቀመጡና መልሰው የሚሟሙ ከአምስት ናኖሜትር የማይበልጡ ቅንጣቶችን ሠሩ። ከዚያ ወዲህ በቅጠላ ቅጠል ጭማቂ ወርቁን የሚለውጡ ዘዴዎችም በብዙ አገሮች ተሞክረዋል።

ይህ ሁሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሆኖም በዕቃው ላይ የቀረች ቆሻሻ ሁሉን ታበላሻለች፤ አሲዶቹም ሥጋ ያቃጥላሉ። ስለዚህ በማድቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም። በአንጻሩ የሚጠይቀው መሣሪያ ማሞቂያ፣ ማማሰያ፣ ንጹሕ ብርጭቆና ንጹሕ ውሃ ነው። ቢሊዮን ዶላር የሚፈስበት ፋብሪካ አያስፈልገውም። ይህን ለኋላው ያዙልን።

ቅላቱ ከየት መጣ?

እንስራ ተሸክማ ከወንዝ የምትመለስን ሴት አስቡ። በእያንዳንዱ እርምጃ ውሃው ወዲያና ወዲህ ይላል። የእርምጃዋ ምት ከውሃው ውዝዋዜ ጋር ከተገጣጠመ ውሃው ይናወጥና ይፈስሳል፤ ካልተገጣጠመ ግን ብዙም አይነቃነቅም። በወርቅ ቅንጣት ውስጥ ያሉት ነጻ ኤሌክትሮኖች እንደ እንስራው ውሃ ናቸው፤ ብርሃን ደግሞ እርምጃው ነው። ብርሃን ሞገድ ስለሆነ ኤሌክትሮኖቹን ወዲያና ወዲህ ይወዘውዛቸዋል። ለትናንሽ ድቡልቡል የወርቅ ቅንጣቶች የሚገጣጠመው ምት የአረንጓዴው ብርሃን፣ ማለትም ወደ 520 ናኖሜትር የሚጠጋው ሞገድ ነው። ቅንጣቶቹ አረንጓዴውን ይውጡታል፤ ቀዩን ያሳልፉታል። ወደ ዓይናችን የሚደርሰውም ያለፈው ቀይ ነው። ትልቁ ወርቅ ግን እንደ ጣና ሐይቅ ነው፤ በአንድ ሰው እርምጃ አይናወጥም። ስለዚህ ቢጫነቱን ይዞ ይኖራል።

ቅንጣቶቹ ሲቀራረቡ ደግሞ ምቱ ይለወጣል። በቀዩ ፈሳሽ ላይ ተራ የገበታ ጨው ቢጨመርበት የሚገፋፉበት ኤሌክትሪክ ይሸፈናል፤ እንደ ረጋ ወተት ይያያዛሉ፤ ፈሳሹም ወዲያው ሰማያዊ ይሆናል። በ1996 በአሜሪካ የነበሩ ሳይንቲስቶች ይህንኑ ጠባይ በመጠቀም፣ ቅንጣቶቹን የዘር ሐረግ ቁራጭ አልብሰው፣ ተጓዳኙ ሲገኝ ብቻ ተያይዘው ቀለም እንዲለውጡ አደረጉ። ቀለሙ ራሱ መልእክተኛ ሆነ ማለት ነው።

ቀይዋ መስመር

አሁን ወደ ጤና ኬላችን እንመለስ። መመርመሪያው ውስጥ ያለው ወረቀት የሚሠራው እንደ ኩራዝ ክር ነው። ናፍጣው በክሩ ተስቦ እንደሚወጣ ሁሉ ደሙና አብሮት የሚንጠባጠበው ፈሳሽ በወረቀቱ ይሳባሉ። በመንገዳቸው ላይ ደርቀው የተቀመጡ የወርቅ ቅንጣቶች አሉ። በእያንዳንዷ ቅንጣት ላይ አንቲቦዲ የሚባሉ ፕሮቲኖች ተለጥፈዋል። አንቲቦዲዎቹ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወባ ተውሳክ በደም ውስጥ የሚለቀውን ፕሮቲን። ፕሮቲኑ ካለ ይይዙታል፤ ይዘውት ወደፊት ይጓዛሉ።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ራቅ ብሎ በዓይን የማይታይ ሌላ የአንቲቦዲ መስመር ተሰምሯል። ይህኛው ፕሮቲኑን በሌላ በኩል ይዞ ያስቀረዋል። ፕሮቲኑ ሲቀር ወርቁም አብሮ ይቀራል። ቅንጣቶቹ በሚሊዮን እየተከማቹ ሲሄዱ መስመሩ ይቀላል። ወባ አለ ማለት ነው። ፕሮቲኑ ከሌለ ወርቁ ሳይቆም ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ያለችው ሁለተኛ መስመር፣ ተውሳክ ኖረም አልኖረም ወርቁን ራሱን ትይዛለች፤ የእርሷ መቅላት የሚነግረን መመርመሪያው መሥራቱን ነው። እርሷ ካልቀላች ውጤቱ ዋጋ የለውም፤ ምርመራው በሌላ መመርመሪያ ይደገማል።

ለምን ወርቅ ተመረጠ? አንደኛ፣ አይዝግም፤ ቀለሙ አይለቅም። ሁለተኛ፣ አንቲቦዲዎች በገጹ ላይ በቀላሉ ይጣበቃሉ። ሦስተኛ፣ አንዷ ቅንጣት ከአንድ የቀለም ሞለኪውል በብዙ ሺህ እጥፍ የበረታ ቀለም ስለምታሳይ ማሽንም ኤሌክትሪክም አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። መብራት በሌለበት ቀበሌ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይኸው ዘዴ በእርግዝና፣ በኤችአይቪ፣ ከ2020 ወዲህም በኮቪድ-19 መመርመሪያዎች ላይ ውሏል። በኮቪድ ጊዜ በየቤታችን አፍንጫችንን ጠርገን ያየናት ቀይ መስመርም በአብዛኛው ያቺው ወርቅ ነበረች።

ወርቁ ሳይዋሽ መመርመሪያው ሲስት

ይህን ርእስ እንድናነሣ ያስገደደን ዋናው ጉዳይ ግን እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ከ1,100 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። በእንዲህ ያለ ወረርሽኝ ወቅት ቀይዋ መስመር የሕይወትና የሞት ምስክር ናት።

ምስክሯ ግን አንዳንዴ ዝም ትላለች። ገዳዩን የወባ ዓይነት ለማግኘት በአፍሪካ በብዛት የሚሠራባቸው መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ኤችአርፒ-2 የተባለውን ፕሮቲን ነው። በ2010 ከፔሩ የወጣ ጥናት ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረ-መል የጣሉ ተውሳኮች መኖራቸውን አሳየ። በ2016 በኤርትራ በግንዳዕና በምፅዋ ሆስፒታሎች በማይክሮስኮፕ ወባ የተገኘባቸው ብዙ ሕሙማን በመመርመሪያው «ነጻ» ሆነው ተገኙ። በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ ከዚህ ገዳይ ዓይነት ከ100 ሕሙማን ወደ 10 የሚጠጉት በዚህ ምክንያት ሊታለፉ እንደሚችሉ ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የሚታለፉት ከ100 አምስት ሲበልጡ አገሮች መመርመሪያቸውን እንዲለውጡ ይመክራል።

ምክንያቱም የሚያሳዝን ነው። መመርመሪያው ያገኘው ተውሳክ በመድኃኒት ይሞታል። መመርመሪያው ያላየው ተውሳክ ግን በሕመምተኛው ደም ውስጥ ይቀራል፤ ትንኟ ትወስደዋለች፤ ይባዛል። ስለዚህ ራሱ ምርመራው ፕሮቲኑን የደበቁትን እየመረጠ ያሳድጋቸዋል። ወርቁ አልዋሸም። ወርቁ ሰንደቅ ተሸካሚ ነው፤ የሚቆመው አንቲቦዲው ባቆመው ቦታ ነው። መፍትሔውም ወርቁን መለወጥ አይደለም። ተውሳኩ ያለ እርሱ ሊኖር የማይችለውን ሌላ ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ ማልበስ ነው። እንዲህ ያሉ መመርመሪያዎች አሉ። ነገር ግን የትኛው ወረዳ የትኛውን እንደሚፈልግ ለማወቅ በየጊዜው የሚያጠና ቤተ ሙከራና የሰለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

ወደ አገር ቤት ስልክ ስንደውል «ተመረመረ፤ ወባ የለበትም ተባለ፤ ትኩሳቱ ግን አልለቀቀውም» የሚል ነገር ከሰማን ዝም ብለን ማለፍ የለብንም። ሕመምተኛው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሶ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ መምከር ይገባናል። ምክሩ ዋጋ የማይከፈልበት ነው፤ ሕይወት ግን ሊያድን ይችላል።

ካንሰርና ባዜቃ

የወርቅ ቅንጣት ሥራ በመመርመሪያ አያበቃም። በአሜሪካ ሂዩስተን በሚገኘው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ናኦሚ ሃላስና ጄኒፈር ዌስት የብርጭቆ ፍሬ የመሰለ እምብርት ያላቸውና በወርቅ የተለበጡ ቅንጣቶችን ሠሩ። እነዚህ ቅንጣቶች ሥጋን አልፎ መግባት የሚችለውን፣ ለዓይን የማይታየውን ብርሃን ውጠው ወደ ሙቀት ይለውጡታል። ሐሳቡ ቅንጣቶቹ በእባጩ ውስጥ ሲከማቹ በሌዘር አሙቆ እባጩን ብቻ ማቃጠል ነው። በ2003 የታተመው ሥራቸው ይህን በአይጦች ላይ አሳየ። በ2019 ደግሞ የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው 16 ወንዶች የተሳተፉበት የመጀመሪያ ሙከራ ውጤት ታተመ፤ ውጤቱም ተስፋ ሰጪ ነበር። በየሆስፒታሉ የሚታዘዝ ሕክምና ግን ገና አይደለም።

ሌላው ጉዳይ ለወርቅ አምራች አገሮች ቅርብ ነው። በ1980ዎቹ ጃፓናዊው ማሳታኬ ሃሩታ ከአምስት ናኖሜትር ያነሰ ወርቅ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ወደ ሌላ ጋዝ እንደሚለውጥ አረጋገጠ። ከምንም ጋር አይዋሐድም የተባለው ወርቅ ሲያንስ ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በቻይና ፒቪሲ ለሚባለው ፕላስቲክ ማምረቻ የሚውለውን ሜርኩሪ ወይም ባዜቃ የሚተካ፣ ወርቅ ያለበት ማፋጠኛ ለገበያ ቀርቧል። የሚገርመው ግን በዓለም ላይ ከፍተኛውን የባዜቃ ብክለት ወደ አየር የሚለቀው በባህላዊ መንገድ ወርቅ ማውጣት ነው። ወርቅ በአንድ ወገን ባዜቃን ከፋብሪካ ሲያስወጣ፣ በሌላ ወገን ድሃው አውጪ ወርቁን ለማግኘት ባዜቃ ይተነፍሳል። ልዩነቱ በወርቁ ላይ አይደለም፤ በእውቀቱ ላይ ነው።

«የወርቅ ውሃ» ሻጮች

እውቀት ባለበት ሁሉ አስመሳይ አይጠፋም። በኢንተርኔት ገበያ «ኮሎይዳል ጎልድ» እየተባለ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለአእምሮ ብርታት፣ ለወጣትነት ይጠቅማል በሚል ቀይ ውሃ በብልቃጥ ይሸጣል። በሽታ ይፈውሳል ተብሎ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የጸደቀ የሚጠጣ የወርቅ ኮሎይድ የለም። ከዚህም በላይ መጠኑ ወሳኝ ነው። በ2007 በጀርመን አገር የተሠራ ጥናት 15 ናኖሜትር የሆኑ ቅንጣቶች ሕዋሳትን ሳይጎዱ 1.4 ናኖሜትር የሆኑት ግን እንደሚገድሏቸው አሳይቷል። ወደ ደም የገቡ ቅንጣቶችም በጉበትና በጣፊያ ውስጥ ይከማቻሉ። በመመርመሪያ ወረቀት ላይ ያለው ወርቅ ወደ ሰው ገላ አይገባምና ስጋት የለውም። በብልቃጥ የሚሸጠው ግን ሻጩን እንጂ ጠጪውን ሲያከብር አላየንም።

በኪሎ ወይስ በእውቀት?

በጋዜጣ ቤት በነበርንባቸው ዓመታት የወርቅ ዜና ወደ ጠረጴዛችን የሚመጣው በኪሎና በዶላር ነበር። ከአዶላና ከሻኪሶ ይህን ያህል ኪሎ ወጣ፤ ይህን ያህል የውጭ ምንዛሪ ተገኘ። ዛሬም ዜናው የሚነገረው በዚያው ቋንቋ ነው። ወርቅ አሁንም ከአገሪቱ ዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ነውና ዜናው መነገሩ አይከፋም። ነገር ግን ሌላ ስሌት ደግሞ አለ።

በአንድ መመርመሪያ ላይ ያለው ወርቅ በማይክሮግራም፣ ማለትም በግራም ሚሊዮንኛ የሚቆጠር ነው። አምስት ማይክሮግራም ነው ብለን ብናሰላ፣ አምስት ግራም ከምትመዝን አንዲት የጋብቻ ቀለበት አንድ ሚሊዮን መመርመሪያ ይሠራል። በ2024 ለተመዘገቡት ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ለያንዳንዳቸው አንድ መመርመሪያ ለማድረስ የሚበቃው ወርቅ 40 ግራም አይሞላም። አንድ የአንገት ሐብል ነው። አገሪቱ ወርቁን በኪሎ ትሸጣለች፤ ዋና ዋናዎቹ መመርመሪያ አምራቾች ያሉት ግን በህንድ፣ በደቡብ ኮሪያና በአሜሪካ ነው። በእያንዳንዱ መመርመሪያ ዋጋ ውስጥ የወርቁ ድርሻ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚከፈለው ለአንቲቦዲው፣ ለወረቀቱ፣ ለጥራት ቁጥጥሩ፣ ባጭሩ ለእውቀቱ ነው።

ይህን የምንለው ነገ ፋብሪካ ይተከል ለማለት አይደለም። ፋብሪካ ያለ ሰው ባዶ ቤት ነው። የምንለው ይህ ነው። ቀዩን ወርቅ መሥራት ማሞቂያና ንጹሕ ብርጭቆ ያለው የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚችለው ሥራ ነው፤ ለተማሪም ግሩም ትምህርት ነው። ተማሪው ከዚያ ተነሥቶ አንቲቦዲውን፣ ከአንቲቦዲው ተነሥቶ ተውሳኩን፣ ከተውሳኩ ተነሥቶ የገዛ ወረዳውን ችግር ሊያውቅ ይችላል። በየአገሩ ተበትነው በኬሚስትሪና በሕክምና ምርምር የተሰማሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። በበዓል ሰሞን ወደ አገር ቤት ወርቅ የሚልክ ብዙ ነው። ከመካከላችን አንዱ ለአንድ የትምህርት ክፍል ማማሰያ፣ ኬሚካልና የጥቂት ሳምንታት ትምህርት ቢልክ፣ ያ ስጦታ ከወርቁ ይልቅ የሚከብድ ይመስለናል።

ቅኔ የሚያውቁ አባቶቻችን ሰሙን ከወርቁ ይለዩ ነበር። በመመርመሪያዋ መስኮት ላይ የምትታየው ቅላት ሰም ናት። ወርቁ ከሥሯ ያለው ነው፤ እርሱም ብረቱ ብቻ ሳይሆን ብረቱን ያናገረው ትምህርት ነው። ሰሙን ብቻ አይተን ካለፍን በእጃችን የያዝነው ወርቅ እንደ መዳብ ተቆጥሮ ይቀራል።

ቸር ይግጠመን!